እርድ ከድስት፣ ከብርጭቆ ወይስ ከብልቃጥ? ከመግዛታችሁ በፊት

እናቴ በዐቢይ ጾም ስግደት ታበዛለች። ባለፈው ዓመት ጾሙ ሲጋመስ ጉልበቷ እንቢ አላት። ከጊዮርጊስ ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ ለመግባት እግሯን በሁለት እጇ አንስታ ነበር የምታስገባው። ያን ሰሞን ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያዛል። ጎረቤታችን እትዬ "እርድ በሙቅ ውኃ፣ በባዶ ሆድ" አሉ። የአክስቴ ልጅ ከውጭ አገር አንድ ብልቃጥ የእርድ እንክብል ላከች። እኔም አላረፍኩም፤ ከቅዳሜ ገበያ ግማሽ ኪሎ ደረቅ እርድ ይዤ ገባሁ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤታችን ሦስት ዓይነት እርድ ተሰበሰበ። ሦስቱም "ለጉልበት ፍቱን ነው" ተብሎላቸው የመጡ ናቸው። ሦስቱ ግን አንድ ነገር አይደሉም። የድስቱ እርድ ምግብ ነው። የብልቃጡ ግን መድኃኒት ነው፤ እንደ መድኃኒት ሊጠቅም ይችላል፣ እንደ መድኃኒት ሊጎዳም ይችላል። እናቴ ደግሞ የደም ማቅጠኛ የምትወስድ ሰው ናት። ይህን ልዩነት በጊዜው ባናውቅ ኖሮ ምን ይመጣ እንደነበር ሳስበው ዛሬም ሆዴ ይረበሻል።

ትንሽ ሒሳብ

እርድ የዝንጅብል ዘመድ ነው። በአገራችን በብዛት የሚመረተው በደቡብ ምዕራብ፣ በቴፒና በሸካ አካባቢ ነው። ሥሩ ተቆፍሮ ይቀቀላል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር ይደርቃል። ስለ መድኃኒትነቱ ሲወራ ስሙ የሚነሳው ኩርኩሚን የሚባለው፣ ቢጫውን ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር ነው።

በደረቅ እርድ ውስጥ ኩርኩሚኑ 3 በመቶ ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የእርድ ዱቄት 3 ግራም ያህል ይመዝናል። እንግዲህ በአንድ ማንኪያ ውስጥ የምታገኙት ኩርኩሚን 90 ሚሊ ግራም ቢሆን ነው። በጥናት ላይ ለሕመምተኞች የተሰጠው መጠን ግን በቀን እስከ 2000 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ያንን ከወጥ ላግኝ ያለ ሰው በቀን 22 ማንኪያ እርድ ሊበላ ነው። ማንም አይችለውም፣ መሞከርም የለበትም።

ሌላም ነገር አለ። ኩርኩሚን በውኃ አይሟሟም፣ በቅባት ነው የሚሟሟው። ሆዳችንም በቀላሉ አይቀበለውም። ወደ ደም የገባችውን ጥቂት ነገር ደግሞ ጉበት ቶሎ ለውጦ ያስወጣታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ አንድ የሕንድ ጥናት ግን አስገራሚ ነገር አሳየ (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ለሰዎች 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊ ግራም ፒፔሪን ጋር ሲሰጣቸው ወደ ደማቸው የገባው ኩርኩሚን 20 እጥፍ ያህል ጨመረ። ፒፔሪን ማለት ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ነገር ነው።

እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም መጠኑንና ቁንዶ በርበሬውን፣ ያዙልኝ። ወደኋላ እንመለስባቸዋለን።

ሙሉውን ወይስ የተፈጨውን?

እኔ ሙሉውን ደረቅ እርድ ገዝቼ ቤቴ ብወቅጠው እመርጣለሁ። ድካም አለው። ግን የምበላውን አውቃለሁ።

ቅዳሜ ገበያ ቅመም የምገዛቸው እናት አሉ። መጀመሪያ ቀን እጄን የሰደድኩት ደማቅ፣ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ወደሆነው ክምር ነበር። "አንች ልጅ፣ እርድ ግዥ እንጂ ቀለም አትግዥ" አሉኝ። ከዚያ ደብዘዝ ካለውና አቧራ ከለበሰው ክምር አንዱን አነሱና በሚዛናቸው ድንጋይ መቱት። ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ውስጡ የበሰለ ብርቱካን መስሎ ታየኝ። አፍንጫዬ ላይ ሲያስጠጉት ዝናብ የነካው አፈርና ዝንጅብል ተቀላቅሎ የሸተተኝ መሰለኝ። "ይኸ ነው" አሉ። ከዚያ ወዲህ ሳላሰብር ገዝቼ አላውቅም።

የእኒያ እናት ምክር ከገበያ ልምድ የመጣ ነው፤ ግን በሌላ አገር የሆነውን ሳነብ ምን ያህል ትክክል እንደሆኑ ገባኝ። ባንግላዴሽ ውስጥ በ1980ዎቹ ጎርፍ እርዱን አርሶ አደበዘዘባቸው። ነጋዴዎች የጠፋውን ቀለም ለመመለስ ሊድ ክሮሜት የሚባል ቢጫ የፋብሪካ ቀለም ሥሩ ላይ ይነሰንሱ ጀመር። ልማዱ ለዓመታት ቀጠለ። ቀለሙ ውስጥ ያለው ሊድ የሚባለው ብረት ደግሞ መርዝ ነው፤ ከሁሉ በላይ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። በ2019 ተመራማሪዎች ነገሩን ይፋ አወጡት። መንግሥትም ቁጥጥርና ቅጣት ጀመረ። በዚያው ዓመት ከተመረመሩት የገበያ ናሙናዎች 47 በመቶው ሊድ ነበረባቸው፤ በ2021 ግን አንድም አልተገኘም። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

የእኛ ገበያ እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሠራል። ድምቀት የጥራት ምልክት አይደለም። የባንግላዴሹ ቀለም የተነሰነሰው ሙሉው ሥር ላይ ስለነበር "ሙሉ ነው፣ እንግዲህ ንጹሕ ነው" ብሎ መተማመንም አይበቃም። ሰብራችሁ እዩ። ላዩ ከውስጡ ይልቅ የደመቀ ከሆነ ተዉት። ሙሉውን ሥር ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጣሉት፤ ውኃው ወዲያው ደማቅ ቢጫ ከሆነ ላዩ ተቀብቷል ማለት ነው። ዱቄትም ከሆነ አንድ ማንኪያ ውኃ ላይ ነስንሳችሁ ሳትነኩት ተዉት። ንጹሑ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ የሚቀረው ውኃም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይሆናል። ውኃው ሁሉ ደምቆ ከቀረ አትጠቀሙበት። ይህ ሙከራ የላቦራቶሪን ቦታ አይተካም፤ ግልጽ የሆነውን ማጭበርበር ግን ያጋልጣል።

ስለ መፍጨት። ወፍጮ ቤት ከወሰዳችሁት ከእናንተ በፊት በርበሬ ከተፈጨ እርዳችሁ በርበሬ ሆኖ ይመለሳል። ለአንድ ወር የሚሆነኝን ሦስትና አራት ሥር ብቻ በሙቀጫ እወቅጣለሁ። መጀመሪያ በጨርቅ ጠቅልዬ በድንጋይ እሰባብረዋለሁ፣ አለበለዚያ ከሙቀጫው እየዘለለ ያስቸግራል። ከዚያ በወንፊት መንፋት ነው። የተፈጨ እርድ ብርሃን ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ጨለማ ቦታ፣ ክዳኑ ጥብቅ ባለ ዕቃ አስቀምጡት። በክረምት ደግሞ እዚህ ባሕር ዳር እርጥበቱ ከባድ ነው። የሻገተ ወይም የሻገተ የሚሸት እርድ ካገኛችሁ ሳትሳሱ ድፉት።

ጊዜ ለሌለው ሰው የታሸገ ዱቄት ነውር አይደለም። የተመረተበት ቀን ያለበትንና ትንሹን እሽግ ምረጡ። ለጋውን፣ እርጥቡን እርድ ያገኘ ሰው ይደሰትበት፤ ግን አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ከደረቁ ይበልጥ መጨመር ያስፈልጋል።

ድስቱ

ለጤነኛ ሰው፣ ለዘወትር፣ የእኔ ምርጫ ድስቱ ነው። ምክንያቱም እናቶቻችን አልጫ ሲሠሩ ኩርኩሚን የሚፈልገውን ሁሉ ሳያውቁት ይሰጡታል። ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላል፣ እርዱ ዘይቱ ላይ ይጨመራል፣ ክኩ ይገባል። ቅባት አለ። እኔ የጨመርኩት ነገር ቢኖር ድስቱን ከማውረዴ በፊት አንድ ቁንጥር የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ማድረግ ብቻ ነው። በጾም የጎጃም የኑግ ዘይት፣ በፍስክ ቅቤ። ቅቤው ሲነጠር እርድ ገብቶበት ከሆነ ደግሞ ቢጫው ቅባቱ ውስጥ ተዋህዶ ነው የሚቀመጠው።

የጣናን ቆሮሶም እንዲሁ እሠራለሁ። ዓሣውን ከታጠበ በኋላ በቢላ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጌ እርድ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ሎሚ እቀባዋለሁ። ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ጣቶቼ እስከ ማግስቱ ቢጫ ናቸው።

ነጠላ ለብሳችሁ አትሥሩት። የእርድ ጠብታ ነጠላ ላይ ካረፈች በሳሙና ስታሹት ቀይ ትሆናለች። መጀመሪያ ቀን ሳየው ደም መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ኩርኩሚን ሳሙና ሲነካው የሚያደርገው ነው። አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ስጡት፤ ፀሐይ ቀስ በቀስ ታነሳዋለች።

ከድስቱ ምን እንጠብቅ? ሕመም ማዳን አይደለም። 90 ሚሊ ግራም የተበላሸ ጉልበት አያስተካክልም። የምታገኙት ጥሩ ምግብ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያለ ስጋት የምትበሉት። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ ለኩርኩሚን ያስቀመጠው የቀን ጣሪያ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 3 ሚሊ ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 180 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ እርድ ያህል። የቤት ወጥ ከዚያ በታች ነው።

ብርጭቆው

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። በሙቅ ውኃ በባዶ ሆድ የሚጠጣው እርድ ከሁሉም ደካማው አማራጭ ነው። ቅባት የለውም፣ ስለዚህ ብዙው ብርጭቆው ሥር ይቀመጣል ወይም እንዳለ ያልፋል። ለአንዳንድ ሰው ደግሞ ባዶ ሆድ ላይ ያቃጥላል። መጠጣት ካማራችሁ በትኩስ ወተት አድርጉት፤ ወተቱ ቅባት አለው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ይበቃል። ማታ ማታ ደስ ይላል፣ እንቅልፍም ይጋብዛል።

ለጉንፋንና ለሳል ከማር ጋር ከሆነ የምትጠጡት፣ በብርጭቆው ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ማሩ ነው። ማር ሳልን እንደሚያለዝብ በጥናትም ታይቷል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር በፍጹም አይሰጥም። ማቅለሽለሽ ለያዘው ሰው ደግሞ ከእርድ ይልቅ ዝንጅብል ይሻላል።

ብልቃጡ

አሁን ወደ እናቴ እንክብል እንመለስ።

በእንክብል ውስጥ ያለው እርድ ተነጥሮ የተከማቸ ነው። አንዷ ፍሬ ብቻዋን ብዙ ማንኪያ እርድ ልትሆን ትችላለች። ብዙዎቹ ላይ ፒፔሪን ተጨምሯል፤ ያ 20 እጥፍ ያልኳችሁ ነገር። ማለትም ድስቱ በትንሹ የሚሰጠውን ብልቃጡ በብዙ አጠናክሮ ያስገባዋል። ለዚህ ነው ሁለቱን "ያው እርድ ነው" ብሎ ማየት ስሕተት የሚሆነው።

የሚጠቅምበት ቦታ አለ። በታይላንድ 367 የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት በ2014 ወጥቷል። ግማሾቹ በቀን 1500 ሚሊ ግራም የተነጠረ እርድ፣ ግማሾቹ 1200 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን የሚባል የሕመም ማስታገሻ ለ4 ሳምንት ወሰዱ። ሕመማቸው የቀነሰው ተቀራራቢ በሆነ መጠን ነው። እርድ የወሰዱት ላይ የሆድ ሕመም አነስ ብሎ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለዓመታት እንደ ዲክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻ ሲውጥ ጨጓራውን ለጨረሰ ሰው አማራጭ ነው።

ግን ሌላውንም ገጽ እዩ። በ2019 ጣሊያን ውስጥ የእርድ እንክብል በወሰዱ ሰዎች ላይ የጉበት ብግነት ታየ። የአገሩ ጤና ሚኒስቴርም ማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ። አሜሪካ ውስጥ መድኃኒት በጉበት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚከታተሉ ሐኪሞች በእርድ ምክንያት የታመሙ 10 ሰዎችን መዝግበዋል። 5ቱ ሆስፒታል ተኝተው ታከሙ፣ አንድ ሰው ሞተ። 7ቱ በዘር የሚወረስ አንድ ዓይነት ምልክት ነበራቸው፤ ያ ምልክት ያለበት ሰው ደግሞ ሳይመረመር አያውቀውም። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ሲያጋጥም ግን የወፍ በሽታ ሆኖ ይመጣል፦ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ድካም ይጥላል። በእኛ አገር "ቢጫውን በሽታ ቢጫ ነገር ያድነዋል" ብሎ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። እባካችሁ፣ የወፍ በሽታ የያዘው ሰው የእርድ እንክብል እንዳይወስድ። እየወሰደ ዓይኑ ቢጫ የሆነበትም ዛሬውኑ ያቁምና ሐኪም ይይ።

ብልቃጡን ጨርሶ መንካት የሌለባቸው ሰዎችም አሉ። እንደ እናቴ ዋርፋሪን ወይም ሌላ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፤ ደም መፍሰስን ያባብሳል። በሐሞት ከረጢታቸው ጠጠር ያለባቸው፤ ኩርኩሚን ከረጢቱን ያኮማትረዋል። እርጉዝ ሴቶች። ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የያዘ ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት ማቆም አለበት። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በላይ እንዳይወርድበት ሳያማክር አይጀምር። የኩላሊት ጠጠር ያስቸገረው ሰው ደግሞ ብዙ የእርድ ዱቄት መዋጥ አይበጀውም፤ ጠጠሩን የሚሠራው ኦክሳሌት እርድ ውስጥ በብዛት አለ። በወጥ ውስጥ የሚበላው እርድ ግን ለእነዚህ ሰዎችም ችግር የለውም።

ከእነዚህ ውስጥ አይደለሁም፣ ልሞክረው የሚል ሰው ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይንገር፣ ብልቃጡንም ይዞ ሄዶ ያሳይ። አንድ ፍሬ ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም ኩርኩሚን እንዳለ ያልተጻፈበትን አትግዙ። በሻንጣ መጥቶ በእጅ የሚሸጠውን ተዉት። አንድ ወር ሞክራችሁ ለውጥ ከሌለ አቁሙ።

ሌሎች የሚጠየቁ ሕመሞች

ጨጓራ። በ2023 የወጣ ሌላ የታይላንድ ጥናት አለ። ጨጓራ የሚያስቸግራቸው 206 ሰዎች ተሳትፈዋል። በቀን 2 ግራም ኩርኩሚን የወሰዱትም፣ ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ አሲድ መቀነሻ 20 ሚሊ ግራም የወሰዱትም እኩል ሊባል በሚችል ደረጃ ተሽሏቸዋል። ደስ የሚል ውጤት ነው። ሆኖም በእኛ አገር ጨጓራ የምንለው ብዙ ጊዜ ከጀርባው ባክቴሪያ አለ። ባክቴሪያውን የሚገድለው አንቲባዮቲክ እንጂ እርድ አይደለም። መጀመሪያ ተመርመሩ። ጥቁር ሰገራ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ደም ማስታወክ ካለ እርድ የሚባል ነገር አታስቡ፣ ሆስፒታል ሂዱ።

ቁስል። እዚህ ላይ ልቤ የሚደማበት ነገር አለ። በታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ጎረቤታችን የአምባዛ እሾህ እጁን ወጋውና የእርድ ዱቄት ነስንሶ በጨርቅ አሰረው። በሦስተኛው ቀን እጁ ክንዱ ድረስ አብጦ ነበር። እርድ በቤተ ሙከራ ጀርም ያዳክማል፣ እውነት ነው። የገበያ ዱቄት ግን መሬት ላይ ተሰጥቶ የደረቀ፣ በስንት እጅ ያለፈ ነገር ነው። ቁስል ውስጥ ቆሻሻ እየከተትን ነው። በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጠይቁ። ጎረቤታችን ድኗል፤ ግን ሁለት ሳምንት ሐይቅ ሳይወጣ ቀረ።

ፊት መቀባት የሚወዱ እህቶቼ መጀመሪያ ክንዳቸው ላይ ትንሽ ቀብተው አንድ ቀን ይጠብቁ፤ አንዳንዱን ቆዳ ያሳክካል። ካንሰር ያድናል የሚለውን ወሬ ግን በጭራሽ አትቀበሉ። በ2017 የወጣ ሰፊ ግምገማ ከ120 በላይ የኩርኩሚን ጥናቶችን ተመልክቶ፣ በጥብቅ ቁጥጥር ከተደረጉት ውስጥ ፍቱንነቱን ያረጋገጠ እንደሌለ ጽፏል። የታይላንዶቹ ጥናቶችም የተነጻጸሩት ከሌላ መድኃኒት ጋር እንጂ ከባዶ እንክብል ጋር አይደለም። ስለዚህ "ሊረዳ ይችላል" እላለሁ እንጂ "ያድናል" አልልም። ሕክምናውን ትቶ በእርድ የተማመነ የካንሰር ሕመምተኛ የሚያጣው ጊዜ አይመለስም።

የእናቴ ጉልበት

እናቴ ከብልቃጡ አራት ፍሬ ወስዳ ነበር። በቀጠሮዋ ቀን ይዘነው ሄድን። ሐኪሟ ጽሑፉን አነበቡና "ይኸ ከዋርፋሪኑ ጋር አይሄድም" ብለው ያን ዕለት የደሟን መርጋት አስለኩ። ደግነቱ አልተዛባም። እንክብሉን አቆመች።

ለጉልበቷ ያዘዙላት ሌላ ነገር ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀጥ አድርጋ አንስታ እስከ አሥር ትቆጥራለች፣ ጠዋትና ማታ። የጭኗ ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበቷ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል ተባለች። መጀመሪያ "ይኸም መድኃኒት ሆነ?" ብላ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ባጃጅ ውስጥ እግሯን በእጇ ሳታነሳ ገባች። ስግደቱን የንስሐ አባቷ ቆማ እንድትጸልይ ለወጡላት።

ግማሽ ኪሎው እርድ አሁን ማሰሮ ውስጥ ነው። እኔ እወቅጣለሁ፣ እሷ እግሯን ዘርግታ እየቆጠረች በወንፊት ትነፋለች። እሑድ ክክ አልጫ አለ።